የጀግና ቁመት በባላንጣው ይለካል

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ የምትገኘው ደብረ ኤልያስ የስሟ ባለቤት ነቢዩ ኤልያስ ነው። ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው ቅኔ ሊማሩ የሚጎርፉባት ይህች ደብር ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍና ተውኔት ሁለት ታላላቅ ሰዎችን አበርክታለች። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ተወልደው ያደጉባት፣ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙባት ናት። ሁለቱም በጠላት ወረራ ዘመን ሽንፈት ምን እንደሚመስል በገዛ ሕይወታቸው ያወቁ ነበሩ። ዮፍታሔ አገራቸውን ለቀው ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ሐዲስ በ1929 ዓ.ም. ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ፤ በዚያም ለዓመታት ታሰሩ። ስለ ጀግናና ስለ ባላንጣው የሚደረግ ንግግር ከዚህች ደብር ቢነሣ እንግዲህ ያለ ምክንያት አይደለም።

ይሁን እንጂ ከደራስያኑ አስቀድሞ ደብሯ ስሙን የወረሰችውን የነቢዩን ታሪክ ማስታወስ ይገባል። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ እንደ ተጻፈው፣ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ብቻውን ቆሞ ከ450 የበኣል ነቢያት ጋር ተፋጠጠ። እነርሱ ቀኑን ሙሉ ጮኸው መልስ አጡ፤ እርሱ በጸለየ ጊዜ እሳት ወረደ። ተዘግቶ የኖረው ሰማይም ተከፍቶ ዝናም ዘነመ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የሚከፋ አንባቢ አይገኝም ነበር። መጽሐፉ ግን አላበቃም። በሚቀጥለው ምዕራፍ ንግሥቲቱ ኤልዛቤል መልእክተኛ ልካ፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት እንደምታስገድለው ዛተችበት። 450 ሰዎችን ያልፈራው ነቢይ ከአንዲት ሴት ዛቻ ሸሸ። ወደ ምድረ በዳ ገብቶ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀመጠና ሞቱን ለመነ። መልአኩም ሲመጣ አልገሠጸውም፤ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። ነቢዩ በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩም ዳግመኛ ቀሰቀሰው። በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ እስከ ኮሬብ ደረሰ።

ይህን ታሪክ አንድ የዘመኑ የፊልም ጸሐፊ ቢያገኘው የት ላይ ይቈርጠው ነበር? አብዛኛው በቀርሜሎስ ተራራ ላይ፣ እሳቱ በወረደበት ቅጽበት ሳይቈርጠው አይቀርም። ጀግናው አሸንፏል፤ ተመልካቹ አጨብጭቧል፤ ሌላ ምን ይፈለጋል? ነገር ግን ከክትክታው ዛፍ በታች የተቀመጠው ኤልያስ ባይኖር፣ ቀርሜሎስ ላይ የቆመው ኤልያስ ሰው መሆኑን ማን ያውቅ ነበር? ኤልዛቤልም ባትኖር የነቢዩ ድፍረት ምን ያህል እንደሆነ በምን ይለካ ነበር? የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ውስጥ ይጠቃለላል። የጀግና ቁመት የሚለካው በባላንጣው ቁመት ነው፤ ጀግንነቱም የሚታወቀው ከውድቀቱ በሚነሣበት አነሣሥ ነው። ይህ በቅዱሳት መጻሕፍትና በልብ ወለድ ብቻ ሳይሆን፣ በተለምዶ አክሽን እየተባለ በሚጠራው የግብግብና የጀብዱ ፊልምም ውስጥ የሚሠራ ሕግ ነው።

በሲኒማ ቤቶች ደጃፍ ያደጉ ልጆች ሁሉ የሚያውቁት አንድ አባባል አለ፤ «አክተሩ አይሞትም» ይላሉ። አክተር ማለት በእነርሱ አነጋገር ዋናው ባለ ታሪክ፣ ጀግናው ነው። አባባሉ ቀላል ይምሰል እንጂ የፊልም ጸሐፊውን ትልቅ ችግር በጥቂት ቃላት አጠቃልሎ ያስቀምጠዋል። ተመልካቹ ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ መጨረሻውን ያውቀዋል። ጀግናው እንደሚያሸንፍ ካወቀ ታዲያ ገንዘቡን ከፍሎ ለምን ይገባል? የሚገባው ማሸነፉን ለማየት ሳይሆን እንዴትና በምን ዋጋ እንደሚያሸንፍ ለማየት ነው። ጥሩ ጸሐፊ ያንን አስቀድሞ የታወቀ መጨረሻ ለሁለት ሰዓት ያህል ያስረሳዋል። ይህንንም ማድረግ የሚችለው ከጀግናው የበረታ ባላንጣ በመፍጠርና ጀግናውን ከልብ በመጣል ብቻ ነው። ባላንጣው ደካማ የሆነ እንደሆነ፣ ተመልካቹ የሚያውቀውን ነገር ከማየት በስተቀር የቀረለት ነገር የለም።

በመጀመሪያ ስለ ባላንጣው ብርታት እንመልከት ቢባል፣ ለዚህ ከዳዊትና ከጎልያድ ታሪክ የተሻለ መምህር አይገኝም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 ጸሐፊው ዳዊትን ወደ ጦሩ ሜዳ ከማምጣቱ በፊት ጎልያድን ያስተዋውቃል። ቁመቱን በክንድና በስንዝር ይለካል፤ ስድስት ክንድ ከስንዝር ነበር ይላል። የጥሩሩን ክብደት 5,000 ሰቅል፣ የጦሩን ብረት 600 ሰቅል ብሎ ይመዝናል። ግዙፉ ሰው 40 ቀን ሙሉ ጥዋትና ማታ እየወጣ እንደ ተገዳደረ፣ የእስራኤልም ሠራዊት በፍርሃት እንደ ተዋጠ ይናገራል። ይህን ሁሉ ካስቀመጠ በኋላ ነው እረኛው ልጅ ለወንድሞቹ ስንቅ ይዞ የሚደርሰው። በሚዛን የተመዘነው የጎልያድ ብረት ስለሆነ፣ ከወንዝ የተለቀመችው ጠጠር ክብደቷ በአንባቢው ልብ ይታወቃል። ጎልያድ ተራ ወታደር ቢሆን ኖሮ ጠጠሯም ተራ ጠጠር በሆነች ነበር።

የአገሩ ባህልም ይህንኑ ያስተምራል። በጎጃም ደጋም ሆነ በሌላው የአማራ አገር ፎካሪ ሲፎክር የገጠመውን ጠላት ያሳንሳል ማለት አይደለም። አንበሳ የገደለ ይፎክራል፤ ሚዳቋ ለገደለ ግን ማን ይፎክርለታል? ያልታጠቀን የመታ፣ የተኛን ያጠቃ ሰው በጉባኤ መካከል ተነሥቶ ቢያቅራራ ክብር ሳይሆን ትዝብት ያተርፋል። ፉከራውን የሚሰማው ሕዝብ «ማንን ገጥመህ?» ብሎ በልቡ ይጠይቃል። የፊልም ተመልካቹም የሚጠይቀው ጥያቄ ከዚህ የተለየ አይደለም።

በኢትዮጵያ ሲኒማ ቤቶች ለብዙ ዘመን ከተወደዱት የውጭ ፊልሞች መካከል የሕንድ ፊልሞች ዋነኞቹ ናቸው። ከሕንድ ፊልሞችም ሁሉ ራሜሽ ሲፒ እ.ኤ.አ. በ1975 ያዘጋጀው «ሾሌ» ለዚህ ጉዳይ ዓይነተኛ ምሳሌ ይሆናል። በዚህ ፊልም ጀግኖቹ ሁለት ናቸው፤ ጄይና ቪሩ የሚባሉ ሌቦች። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ግን ጋባር ሲንግ የተባለው ሽፍታ ስሙ ከጀግኖቹ ስም ሳይተናነስ ሲጠራ ኖሯል። የሽፍታው ኃይል ከምን መጣ? ጸሐፊዎቹ ጋባርን ገና ከመታየቱ በፊት በሰዎች ፍርሃት ውስጥ አሳይተውታል። ባዶ እጃቸውን በተመለሱት በገዛ ሰዎቹ ላይ ሲፈርድ ደግሞ ለራሱ ወገን እንኳ እንደማይራራ ተመልካቹ ይረዳል። ከሁሉም በላይ፣ ሁለቱን ሌቦች የቀጠራቸው የቀድሞ የፖሊስ መኮንን በነጠላ የሸፈናቸው ክንዶቹ በጋባር የተቈረጡ መሆናቸው ሲገለጥ፣ የሽፍታው ክፋት ከወሬነት ወጥቶ የሚታይ ቁስል ይሆናል። በመጨረሻ ድሉ ሲገኝም በነጻ አልተገኘም፤ ጄይ ይሞታል። ሕንዳዊውም ሆነ ኢትዮጵያዊው ተመልካች ያንን ፊልም እያለቀሰ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

አልፍሬድ ሒችኮክም ከፈረንሳዊው የፊልም ባለሙያ ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው የታወቀ ውይይት፣ ክፉው ሰው በተሳካለት መጠን ፊልሙም እንደሚሳካ የሚያስረዳ ሐሳብ ሰንዝሮ ነበር። ሐሳቡ ከልምድ የመጣ ስለሆነ ሊናቅ አይገባውም።

ሁለተኛው ነገር የጀግናው ውድቀት ነው። ውድቀት ሲባል ጀግናው አንድ ጊዜ በቡጢ ተመትቶ ከንፈሩ መድማቱ አይደለም። ውድቀት ማለት ጀግናው ይዞት የነበረው ነገር፣ ይኸውም እቅዱ፣ ወዳጁ፣ እምነቱ ወይም አካሉ የተነጠቀበትና መንገዱ የተዘጋበት ሁኔታ ነው። ይህም ውድቀት እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ ከሆነ ዋጋ የለውም። መምጣት ያለበት ከሁለት ምንጮች ከአንዱ ነው፤ ወይም ከጀግናው ከራሱ ስሕተት፣ ወይም ከባላንጣው ብልሃት።

ለዚህ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1988 ጆን ማክቲርናን ያዘጋጀው «ዳይ ሃርድ» ነው። በዚህ ፊልም ጀግናው ፖሊስ አንድ ፎቅ የያዙ ዘራፊዎችን የሚገጥመው በባዶ እግሩ ነው። የዘራፊዎቹ አለቃ ሃንስ ግሩበር ሁኔታውን አስተውሎ መስተዋቶቹን በጥይት እንዲሰባብሩ ሰዎቹን ያዛል። ጀግናው በስብርባሪው ላይ ሮጦ ያመልጣል፤ እግሩ ግን ይተለተላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቁስሉን ያመጣው የባላንጣው የማስተዋል ኃይል መሆኑ ነው። የደማው እግር ጀግናውን አላሳነሰውም። ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ተመልካቹ የእያንዳንዱን እርምጃ ሕመም ከእርሱ ጋር ይካፈላል። ከዚያ በፊት በብዙ ፊልሞች የታየው ጥይት የማይነካው ጀግና ይህን ያህል ወዳጅ አላፈራም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው «ሮኪ» ደግሞ ከዚህም አልፎ ሄዷል። ቡጢኛው በመጨረሻው ውድድር በዳኞች ውሳኔ ይሸነፋል፤ ተመልካቹ ግን አሸናፊውን ረስቶ ተሸናፊውን ተሸክሞ ይወጣል።

ምሳሌው ሁሉ ከውጭ አገር እንዳይሆን፣ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ደራስያንን እንደ ዐፄ ቴዎድሮስ የሳበ ንጉሥ ስለመኖሩ ያጠራጥራል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ አቤ ጉበኛ፣ ብርሃኑ ዘሪሁንና ፀጋዬ ገብረ መድኅን ሁሉም በየፊናቸው ጽፈውባቸዋል። ምክንያቱ ድላቸው ብቻ ነውን? ካሣ ኃይሉ በ1845 ዓ.ም. ብቻ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፣ የራስ ዓሊን ጦር ደግሞ በዚያው በጎጃም ምድር በአይሻል ድል አድርገዋል። ድል እንግዲህ አልጎደላቸውም። ነገር ግን ከእነዚህ ድሎች ጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1840 ዓ.ም. ገደማ፣ በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ ላይ መድፍ የታጠቀውንና በሥርዓት የሠለጠነውን የግብፅ ጦር ገጥመው ክፉኛ ተሸንፈው ነበር። ከዚያ በኋላ የሠራዊት ሥርዓትንና የመድፍን ነገር አጥብቀው የያዙት ያ ሽንፈት ስላስተማራቸው ነው። ጋፋት ላይ መድፍ ለማሠራት የደከሙትን ድካም ያለ ደባርቂ መረዳት አይቻልም። የታሪካቸው መጨረሻ መቅደላም ሽንፈት ነው። በሁለት ሽንፈቶች መካከል የቆመ ሰው ስለሆኑ ተውኔት ሆኑ፤ ልብ ወለድ ሆኑ። በተከታታይ ድል ብቻ የነገሡ ነገሥታት በዜና መዋዕል ተጽፈው ቀርተዋል።

አሁን ወደ ደብረ ኤልያሱ ተማሪ ሥራ መመለስ ይቻላል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የጀብዱ ልብ ወለድ ተብሎ አይመደብም። ይሁን እንጂ ስለ ባላንጣ አፈጣጠር ለሚማር የፊልም ጸሐፊ በአማርኛ ከዚህ የበለጠ መጽሐፍ አይገኝም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ሙሉ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳመጠው በቋንቋው ውበት ብቻ አልነበረም። አድማጩ በዛብህና ሰብለ ወንጌል የሚያልፉበትን መከራ ከባላንጣቸው ክብደት ጋር እየመዘነ ስለሚሰማ ነበር።

ፊታውራሪ መሸሻን እንመልከታቸው ያለ ተቺ በመጀመሪያ የሚያየው ሣቅ ነው። በዘራቸው የሚኮሩ፣ ለልጃቸው እኩያ ዘር ያለው ባል አጥተው ዕድሜዋን የሚያሳልፉባት፣ ቁጣቸው ከአቅማቸው የሚቀድም ሽማግሌ ናቸው። ሰነፍ ደራሲ ቢሆን በዚህ ላይ ያቆም ነበር። ሐዲስ ግን ለእኒህ ሰው ሦስት ነገር ሰጥተዋቸዋል። አንደኛ፣ እውነተኛ ሥልጣን አላቸው፤ የሚያዙት ጭሰኛና የሚያስፈራ ደጃፍ አላቸው። ሁለተኛ፣ የሚያምኑበት ምክንያት አላቸው፤ የሚያደርጉትን ሁሉ የሚያደርጉት ክፉ ለመሥራት ብለው ሳይሆን ክብርን ለማስጠበቅ ብለው ነው። በዳኛ ፊት ቢቆሙ ስለ ራሳቸው የሚናገሩት አያጡም። ሦስተኛና ዋነኛው ደግሞ፣ ከኋላቸው ከእርሳቸው የሚበልጥ ባላንጣ ቆሟል። እርሱም ልማዱና ሥርዓቱ ነው። ጭሰኞቹ በአበጀ በለው መሪነት ተነሥተው ፊታውራሪን ድል ባደረጉ ጊዜ እንኳ ያ ሥርዓት አልተሸነፈም። የደራሲው ጥበብ እዚህ ላይ ይታያል። ሥርዓትን ብቻውን ቢያቀርቡት ፊት የሌለው ነገር ስለሚሆን አንባቢው አይፈራውም፤ ፊታውራሪን ብቻ ቢያቀርቡ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ሲወድቁ ነገሩ ሁሉ ያበቃ ነበር። ስለዚህ ለሥርዓቱ የሰው ፊት ሰጡት፤ ለሰውየውም የሥርዓቱን ክብደት አሸከሙት።

የበዛብህም ውድቀት እንዲሁ በአጋጣሚ የተደረደረ አይደለም። በወላጆቹ ስእለት የታሰረ ወጣት ነው። እንዲያስተምራት የተቀጠረላትን ልጅ ሲወድ፣ የሚዋጋው ከፊታውራሪ ጋር ብቻ ሳይሆን ከገዛ ኅሊናው ጋር ነው። እርሱ ተሰዶ፣ እርስዋ የመነኵሴ ልብስ ለብሳ ፍለጋ ወጥታ፣ በመጨረሻ ሲገናኙ በወንበዴዎች ቆስሎ በሞት አፋፍ ላይ ታገኘዋለች። እነዚያ ወንበዴዎች በድንገት የመጡ ይመስላሉ የሚል ተቺ ይኖር ይሆናል፤ ትችቱም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱን በዚያ መንገድ ላይ ያወጣቸው ማን ነው? በቤታቸው በሰላም እንዳይጋቡ ያደረገው ያው ልማድ ነው። ጉዱ ካሣም ይህንን ሁሉ አስቀድሞ የሚያይና የሚናገር፣ የሚሰማው ያጣ ሰው ሆኖ ከፊታውራሪ ከራሳቸው ዘመዶች መካከል መቆሙ የባላንጣውን ብርታት ያጎላዋል። እውነትን የሚናገር ሰው «ጉዱ» ተብሎ በሚጠራበት አገር ሐሰት ምን ያህል እንደ በረታ ሌላ ማስረጃ አያሻም።

ይህ ዘዴ ወደ ፊልም ሊተላለፍ እንደሚችል «ድፍረት» አሳይቷል። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የፊልም በዓል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው ይህ ፊልም ስለ ጠለፋ የሚናገር ነው። ጠላፊው ገና በመጀመሪያው ክፍል ይሞታል። ተራ ፊልም ቢሆን ባላንጣው ስለሞተ ታሪኩ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ባላንጣው ጠለፋን እንደ ወግ የሚቈጥረው ልማድ ስለሆነ፣ ልጅቱና ጠበቃዋ እስከ ፍርዱ ድረስ የሚገጥሙት ኃይል አላነሳቸውም። ባላንጣ ማለት የግድ ጢሙን ያጎፈረ ወሮበላ አለመሆኑን ለመረዳት ከዚህ የቀረበ አብነት የለም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ በዝምታ ሊታለፍም አይገባውም። ክፉውን ሰው ብርቱ፣ ብልህና አንደበተ ርቱዕ አድርጎ ማቅረብ ለወጣቱ ክፋትን ማስተማር አይሆንምን? ተቃውሞውን የሚያነሡት ወላጆችና መምህራን ናቸው፤ ስጋታቸውም ከቅን ልብ የመነጨ ነው። መልሱ ግን ብርታትንና ቅንነትን ለይቶ ከማየት ይጀምራል። ባላንጣው ኃይል ይኑረው ሲባል ፍትሕ ይኑረው ማለት አይደለም። የኤልዛቤልን ኃይል ያነበበ ሁሉ ኤልዛቤልን አልወደደም። የፊታውራሪ መሸሻን ምክንያት የተረዳም ጭሰኛ መግፈፍን አልተማረም። እንዲያውም ጉዳቱ ያለው በተቃራኒው ነው። በፊልም ውስጥ ክፉ ሰው ሁልጊዜ ፊቱ ጠባሳ ያለበት፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ያለ ምክንያት የሚስቅ ሞኝ ሆኖ ከቀረበ፣ ወጣቱ ክፋት በመልክ የሚታወቅ ነገር ይመስለዋል። በእውነተኛው ኑሮ ግን ክፋት ብዙ ጊዜ ጨዋ ሆኖ፣ በመልካም አነጋገር፣ አንዳንዴም በዘመድ ፊት ይመጣል። ሞኝ ባላንጣ ያሳደገው ተመልካች ያን ጊዜ ምን ትጥቅ ይኖረዋል?

ስለ ውድቀትም የሚባለው ከዚህ አይለይም። በየዘመኑ ጦርነት ልጁን ያልሸኘ ቤት ጥቂት በሆነበት አገር፣ አንድ ሰው ሠላሳ ጠላት ጥሎ፣ ልብሱን አራግፎ የሚሄድበት ፊልም ለእነዚያ ቤቶች ውሸት ይነግራቸዋል። ድል ዋጋ እንደማያስከፍል ይነግራቸዋል፤ ያልተመለሰው ልጃቸውም ጉብዝና ስለጎደለው ያልተመለሰ ያስመስለዋል። ፈተና የወደቀ ተማሪ፣ ከሥራ የተፈናቀለ ሠራተኛ፣ ሰብሉን በረዶ የመታበት ገበሬ ሁሉ ወደ ሲኒማ ቤት ወይም ወደ ቴሌቪዥኑ ሲመጣ የራሱን ክትክታ ዛፍ ይዞ ይመጣል። ከዛፉ በታች የተቀመጠ ጀግና አይቶ ከሆነ ግን፣ መውደቅ የታሪክ መጨረሻ አለመሆኑን ማንም ሳይሰብከው ይረዳል። የአክሽን ፊልም የጨዋታ ነገር ብቻ ተደርጎ የሚታየው በስሕተት ነው፤ ስለ ሽንፈት ለብዙ ሰው የሚናገር ጥበብ ከእርሱ ሌላ እምብዛም የለም።

የቅኔ ቤት ተማሪዎች ይህን ትምህርት ከጥንት ያውቁታል። ተማሪው ቅኔ ሊቈጥር ብቻውን ወጥቶ ይውላል፤ ማታ ለመምህሩ ሲነግር ስሕተቱ በጓደኞቹ ፊት ይታረማል፤ በማግስቱም እንደ ገና ይጀምራል። ያለ ተወቃሽነት ባለቅኔ የሆነ የለም። ሌላው ቀርቶ ቁራሽ ልመና ሲወጣ የየመንደሩ ውሻ የመጀመሪያ ባላንጣው ነው። ደብረ ኤልያስን ከመሰሉ ደብሮች የወጡ ደራስያን የጀግናን ነገር በዚህ ሁሉ ውስጥ አልፈው ቢያውቁት አያስደንቅም።

ከነገሩ ሁሉ ለሥራው የሚጠቅመውን ለመጠቅለል፣ ጸሐፊና አዘጋጅ ሊያስተውሏቸው የሚገቡ አራት ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ ባላንጣው በታሪኩ መጀመሪያ ላይ ማሸነፍ አለበት፤ ያሸነፈውም በአጋጣሚ ሳይሆን በችሎታው መሆኑ ይታይ። ሁለተኛ፣ በዳኛ ፊት ሊከራከርለት የሚችል ፍላጎት ይኑረው፤ ገንዘብ መውደድ ብቻውን አይበቃም፤ ገንዘቡን ለምን እንደሚፈልገው መታወቅ አለበት። ሦስተኛ፣ ጀግናው የጠፋበት ነገር በመጨረሻው ትዕይንት ሙሉ በሙሉ አይመለስለት፤ አንዳች ጠባሳ ይቅርበት። አራተኛ፣ ባላንጣው በመኪና አደጋ ወይም በመጨረሻው ደቂቃ በሚደርስ ፖሊስ አይወገድ፤ የጣለው ጀግናው ካልሆነ ሁለት ሰዓት ሙሉ የታየው ትግል ለምን ታየ?

በተለይ በኢትዮጵያ ላሉ የፊልም ባለሙያዎች ይህ ነገር የገንዘብ ጥቅምም አለው። ሄሊኮፕተር ለመከራየትና ሕንፃ ለማፈንዳት የሚበቃ ካፒታል ያለው አዘጋጅ ጥቂት ነው። የሆሊውድን ፍንዳታ በትንሽ ገንዘብ ለመቅዳት የሚሞክር ፊልም ከሆሊውድ ጋር ተወዳድሮ ይሸነፋል። ብርቱ ባላንጣ ግን የሚጠይቀው የጽሑፍ ድካምና አንድ ጎበዝ ተዋናይ ነው። ተዋናይ ደግሞ አገሪቱ አላጣችም። በጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ቡና እየጠጡ የሚነጋገሩበት ትዕይንት፣ አንደኛው ሌላውን ሊያጠፋው እንደሚችል ተመልካቹ ካወቀ፣ ከማንኛውም ፍንዳታ ይልቅ ትንፋሽ ያስቈርጣል። ስለዚህ ለጀግናው ልብስና ለመኪናው ከሚወጣው ጊዜ እኩሌታው ለባላንጣው አሳብ ቢውል ፊልሙ ያተርፍ ይሆናል እንጂ አይከስርም።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

በጎልያድ ታሪክ ውስጥ አንባቢ ቶሎ የሚያልፈው አንድ ቃል አለ። ግዙፉ ሰው ወጣቱን ዳዊትን ባየ ጊዜ ናቀው ይላል መጽሐፉ። ከጦሩና ከጥሩሩ ሁሉ ይልቅ ጎልያድን የጣለው ይህ ንቀት ነው፤ የናቀውን ሰው ወንጭፍ አላየውምና። ባላንጣውን የሚንቅ የፊልም ጸሐፊም የሚሠራው ስሕተት የጎልያድን ስሕተት ነው፤ ጀግናውን ከፍ ያደረገ እየመሰለው ጠላቱን ያሳንሳል፤ ጠላቱ ባነሰ መጠንም የጀግናው ጥላ ያጥራል። መልአኩ ነቢዩን ከክትክታው ዛፍ በታች ባገኘው ጊዜ፣ በመውደቁ ሳይነቅፈው፣ ገና ብዙ መንገድ እንደ ቀረው ነግሮ እንጎቻውን አቀረበለት። ባላንጣውን አክብሮ፣ ጀግናውን ከነድካሙ ወድዶ የሚጽፍ ደራሲም ለተመልካቹ የሚያቀርበው ይህንኑ ስንቅ ነው።